ከውጭ ሊመጡ ያሰቡ ልጆቻችን ምን ይሥሩልን? (የሐዋሳ አጥቢያችን አገልግሎት)

የአላሙራ ልጅ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እዚህ ሐዋሳ በአንድ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት በጎ አድራጎት ክፍል ውስጥ አገለግላለሁ። አረጋውያንን ቤታቸው ሄደን እንጠይቃለን። ማረሚያ ቤት እንሄዳለን። በዓል ሲደርስ ዱቄትና ዘይት እናድላለን። የኔ ልብ ያለው ግን ቅዳሜ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ላሉ አስታማሚዎች ምሳ እናበላለን።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሐዋሳ የሚታከመው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም። ከበንሳ፣ ከአሮሬሳ፣ ከጌዴኦ፣ ከጉጂ፣ ከምዕራብ አርሲ፣ ከባሌ ሳይቀር ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣ አለ። በሽተኛ ሲተኛ አስታማሚ አብሮት አለ። መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን የሚዞረው እሱ ነው። ናሙና ይዞ የሚሮጠው፣ ሌሊት በሽተኛውን የሚያገላብጠውም እሱ ነው። ለበሽተኛው ምግብ ይቀርብለታል። ለአስታማሚው የሚያስብለት የለም። ለሁለት ለሦስት ቀን ብሎ የወጣ ሰው ወር ይቆያል። የያዘው ብር በመድኃኒት ያልቃል። ካርቶን አንጥፎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ኮሪደር ላይ ያድራል።

ባለፈው ከአሮሬሳ የመጡ አንድ አባት ዳቦና ወጥ ሰጠናቸው። ወጡን በሉ። ዳቦውን ለሁለት ገምሰው ግማሹን ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። «ለማታ ነው አባባ?» አልናቸው። «ለልጄ ነው፤ ከነቃ» አሉን።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ከኛው ሰንበት ትምህርት ቤት ወጥተው አሜሪካ የሚኖሩ ልጆች ማኅበር አላቸው። በክረምት ሁለት ሳምንት መጥተን እናገልግል ብለው ጽፈውልናል። ልብስ፣ ጫማና መድኃኒት በሻንጣ ይዘው፣ ልጆቻቸውንም አስከትለው ነው የሚመጡት። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ እልል ብሎ ይቀበላቸው ይላል። ግማሹ ደግሞ የቲኬቱን ብር ቢልኩት የስንት ወር ምሳ ይሆን ነበር ይላል። መልሱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ማስቀየም አልፈልግም፤ ዕድሉም እንዲያመልጠን አልፈልግም። ምን እንበላቸው?

---

ነርሷ · ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ጨቅላ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል እሠራለሁ። ጥያቄህን ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠቁማችሁ።

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን እኛ ጋ ሳምንታት ሊተኛ ይችላል። እናቱ ግን ከወሊድ ክፍል ወጥታለች፤ መዝገብ ላይ እሷ በሽተኛ አይደለችም። ስለዚህ አልጋ የላትም፣ ምግብም አይቀርብላትም። ቢሆንም በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ወተቷን አልባ መስጠት አለባት። ሳትበላ ወተቱ ከየት ይምጣ? ደረቷ ላይ ታቅፋ በሙቀቷ የምታሞቀው እናት ስትደክም ልጁም ክብደት መጨመር ያቆማል። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። እናንተ ግቢ ውስጥ ስትበሉና ስታበሉ እነዚህ እናቶች ልጅ ጥለው መውጣት ስለማይችሉ አያገኟችሁም። አንድ ቴርሞስ አጥሚት ለብቻ ያዙና እስከ በሩ አምጡልን። ከበር እኛ እንቀበላለን።

ስለ መድኃኒቱ ደግሞ ግልጽ ልሁን። በሻንጣ መድኃኒት አታስመጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ፣ አገር ውስጥ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ የቀረው መሆን አለበት ይላል። ሰው ጀምሮ የተወውን ክኒን መለገስም አይፈቀድም። እዚህም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ቢያልፍም ስሙን የማናውቀውን መድኃኒት ለማን እንሰጠዋለን? በመካከላቸው ሐኪም ወይም ነርስ ካለ ደግሞ እዚህ ታካሚ ለማየት ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። ቀድመው ይጠይቁ።

---

የሰንበቴ እናት · ማክሰኞ ጠዋት

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

አጥሚቱን እኔና ጓደኞቼ እንይዛለን። ወጣቶቹ ጎላውን ይጣዱ፤ ለአራስ ምን እንደሚሆን እኛ እናውቃለን። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን የምናበስለው የክክ ወጥና ጎመን ነው። ከሚበሉት ብዙዎቹ የኛን ጾም የማይጾሙ ናቸው። አራስም አለች፣ ቀዶ ጥገና ያለፈበትም አለ። እንቁላል ብቀቅልላቸው፣ ወተት ባፈላ ነውር ይሆንብኛል? እጄ በጾም ወተት ነካ ብዬ እፈራለሁ። ቀሲስ እዚህ ካሉ ይመልሱልኝ።

---

ቀሲስ · ማክሰኞ

እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አይፍሩ። ጾሙን የሚጾሙት እርስዎ ነዎት። ሕመምተኛና አራስ በጾም አይገደዱም። ለእነሱ ወተት ማፍላት ጾምዎን አይሽረውም። ያፍሉላቸው። እንዲያውም በጾም የሚተርፈው የቤት ወጪ ለተራበ ሊሄድ ነው ሥርዓቱ።

ወጣቶቹንም ልምከር። አገልግሎታችሁ የጎደለው ነገር ቢኖር ቅዳሜ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ለፋሲካና ለገና የሚሰጥ ብዙ ሰው አለ። በኅዳር አጋማሽ አንድ ማክሰኞ ላይ የሚራበውን ግን ማን ያየዋል? ከውጭ ለሚመጡት ስትጽፉ ከዚህ ጀምሩ። ቀኑን የምትሞሉልን እንዴት ነው በሏቸው።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ · ማክሰኞ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። ከጻፉላችሁ ልጆች አንዱ እኔ ነኝ። ሐዋሳ ፒያሳ ነው ያደግኩት።

«የቲኬቱን ብር ቢልኩት» የሚለውን ሳነብ ትንሽ ከፋኝ፤ እውነቱን ልናገር። እኛ እዚህ የተቀመጥነው ተደላድለን አይደለም። ማታ ማታ ኡበር የሚነዳ አለ፣ በድርብ ፈረቃ አረጋውያን የምትጦር አለች። ቤተ ክርስቲያናችን እዚህም ያገለግላል። አዲስ የመጣ ሰው ቤት እስኪያገኝ እናስጠጋለን። ፎርም እንሞላለታለን። ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሌሊት ብር እናዋጣለን። ምንም አናውቅም ብላችሁ አታስቡን።

መምጣት የፈለግነው በልጆቻችን ምክንያት ነው። የኔ ልጅ 15 ዓመቷ ነው። ኢትዮጵያን የምታውቃት በአያቷ ስልክና በቲቪ ነው። ብሩን ብቻ ከላክሁ ለሷ አገሯ የባንክ ማስተላለፊያ ሆና ትቀራለች። አንድ ቀን አስታማሚ አጠገብ ቁጭ ብላ ብትበላ እድሜ ልኳን የምትረሳው አይመስለኝም። ይህ ስስት ከሆነ ንገሩኝ።

---

የአላሙራ ልጅ · ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ይቅርታ፤ ያንን ያሉት የኮሚቴው ሰዎች በክፋት አይደለም። ስስትም አይደለም። ልጅህ ትምጣ። እኔን የሚያሳስበኝ ከሄዳችሁ በኋላ ያለው ቅዳሜ ነው።

---

ከይርጋዓለም · ረቡዕ

ስለ ውጭ በጎ ፈቃደኛ ስታወሩ ከሐዋሳ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውን አትርሱት። እኛ ከተማ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ። ካትሪን እና ሬጂናልድ ሐምሊን ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ለሦስት ዓመት ተቀጥረው ነው የመጡት። ፊስቱላ ያለባቸውን፣ ማለትም በተራዘመ ምጥ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን ሴቶች ሲያዩ መመለሱን ተዉት። ሆስፒታሉን እ.ኤ.አ. በ1974 ከፈቱ። ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 እስካረፉ ድረስ እዚሁ አገር ነበሩ።

ሁሉም እንደሳቸው ይቅር ማለቴ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በኋላ ላይ የአዋላጅ ኮሌጅ ከፈቱ። ከገጠር ልጃገረዶችን ይቀበላል፣ ያስተምራል፣ ተመልሰው በመጡበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ይሠራሉ። ቀዶ ጥገናው የተጎዳችውን ያድናል፤ አዋላጇ ግን ፊስቱላው ሳይደርስ ትከላከላለች። ስለዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ የምትመጡ፣ የምታውቁት ሙያ ካለ እዚህ ላለ ልጅ አስተምሩት። አረጋውያን የምትጦር እህት አለች ብለሃል። በሽተኛ ሳይቆስል እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ወገብ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚነሳ ታውቃለች ማለት ነው። አስታማሚ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ከሻንጣ ልብስ ይልቅ እሷን ይዛችሁልን ኑ።

---

ነርሷ · ረቡዕ

ወይ ጉድ! እውነቱን ነው። የአልጋ ቁስል ስንት ሰው እንደሚጎዳብን ብታዩ። አስታማሚው ማገላበጥ እንዳለበት የነገረው የለም። ይህንን ማስተማር የምትችል ሰው ትምጣ፤ እኔ የክፍሉን ኃላፊ አነጋግራለሁ።

ደግሞ ደም። የሚመጡት ጎልማሶች ጤነኛ ከሆኑ ደም ባንክ ሄደው ይለግሱ። እናንተም በየሦስት ወሩ ለግሱ። ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው ይችላል። ወልዳ የምትደማ እናት ሰዓት አትሰጥም። የተለገሰ ደም በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንድ በዓል መቶ ሰው በአንድ ቀን ተሰልፎ ቢሰጥ መልካም ነው፤ በየወሩ ተከፋፍሎ ቢሰጥ ግን ይበልጣል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ስም ዝርዝር ይያዝና በየወሩ የተወሰኑ ልጆች ይላኩ።

---

ከቤሩት · ረቡዕ ሌሊት

እኔም ልናገር። እዚህ ቤሩት ቤት ሠራተኛ ነኝ። የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ የአቶቴ።

ሁላችሁም ስለ አሜሪካ ነው የምታወሩት። ከአጥቢያችን ወደ ዓረብ አገር የሄድነውን የሚቆጥረን አለ? እኛ መጥተን አናገለግልም፤ ፓስፖርታችን አሠሪ እጅ ነው። እሑድ ዕረፍት ያላት ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። የሌላት በስልክ ቅዳሴ ትሰማለች፣ እመቤቲቱ ካላየቻት።

በ2012 የአገሩ ብር ሲወድቅ አሠሪዎች ልጆቹን በመኪና እያመጡ ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ሻንጣቸውን ይዘው አስፋልት ላይ አደሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ወደቡ ፈነዳ። መስከረም 2017 ደግሞ ጦርነቱ ሲበረታ መጠለያ ሄደው «ይህ ለዜጋ ነው» ተብለው የተመለሱ ነበሩ። ያን ጊዜ በር የከፈቱልን አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የማን ሃይማኖት ነሽ ያለኝ አልነበረም። እርስ በርሳችንም ተረዳዳን። ሥራ ያላት ሩዝ ገዛች፣ ቤት ያላት አምስትና ስድስት ሆነን እንድንተኛ አስጠጋች።

ከእናንተ ብር አልፈልግም። እኔ የምለምናችሁ እናቴን ጠይቁልኝ። ስደውልላት ደህና ነኝ ትለኛለች። እኔም ደህና ነኝ እላታለሁ። ሁለታችንም ደህና አይደለንም። አንድ ሰው ቤቷ ገብቶ ቡና አብሯት ቢጠጣ፣ መድኃኒቷን እየወሰደች እንደሆነ ቢያይልኝ።

ሌላው፣ ልትሄድ የተነሳች ልጅ ካለች ሂጂም አትሂጂም ከማለት በፊት አስቀምጣችሁ አስተምሯት። በሕጋዊ መንገድ ትመዝገብ፣ አሻራዋን ትስጥ፣ ውሏን አንብባ ትፈርም። የፓስፖርቷን ኮፒ እናቷ ቤት ትተው። የአሠሪውን ስምና አድራሻ፣ የኤምባሲውን ስልክ በወረቀት ጽፋ ልብሷ ውስጥ ትስፋ። ስልኳን ይቀሟታል። ወረቀቱን ግን አያገኙትም።

---

የሰንበቴ እናት · ሐሙስ ጠዋት

ልጄ፣ የአቶቴዋ። አነበቡልኝና አለቀስኩ። የእናትሽን ቤት ንገሪን፤ ለአስተዳዳሪው በግል ጻፊለት። በዚህ ሰንበት እኛ እንሄዳለን። ቡናውን እኛ ይዘን ነው የምንሄደው።

---

ዳቶ ሰፈር · ሐሙስ

እህታችን ልቤን ነክተሽዋል። እኔም የደቡብ አፍሪካውን ልጨምር። የሞያሌው መንገድ በከተማችን ነው የሚያልፈው። ከሆሳዕና፣ ከከምባታ፣ ከዚህም ከኛ ሰፈር ወጣቶች በዚያ መንገድ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ዛምቢያ ሉሳካ አጠገብ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ስማቸው ለብዙዎቹ ቤተሰብ በወቅቱ አልደረሰም።

ሰፈራችን ውስጥ ልጇ በዚያ መንገድ ሄዶ ድምፁ የጠፋባት እናት አለች። ዓመታት ሆነ። ተዝካሩን ታውጣ እንዳይባል ሞቱ አልተረዳም። ትጠብቀው እንዳይባል ሁሉ ሰው ሞቷል ብሎ ትቷታል። ለቅሶ ያልተደረሳት፣ እድርም ያልመጣላት ሴት ናት። በዓል ሲሆን ዱቄትና ዘይት ይደርሳታል፤ አመሰግናለሁ ትላለች። ማንም ግን ስለ ልጇ አይጠይቃትም። ሰው የሚፈራው ያንን ነው። ቀሲስ፣ ለእንዲህ ያለች እናት ቤተ ክርስቲያን ምን ታደርግላታለች?

---

ቀሲስ · ሐሙስ ማታ

ልጄ፣ እንዲህ ያሉ እናቶች ንስሐ ልጆቼ ውስጥም አሉ። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ስሙን እጠይቃታለሁ፤ የክርስትና ስሙን። በጸሎት አነሳዋለሁ፣ ባለበት ጠብቀው እያልሁ። ከዚያ ስለ ልጁ እንድትነግረኝ እጠይቃታለሁ። ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ይመስል ነበር እላታለሁ። ማልቀስ የምትችልበት ቤት አጥታ ነው። ምክር አልሰጣትም። የዚያችን እናት አድራሻ ለደብራችሁ ካህን ስጥ። ካልመጣም እኔን ፈልገኝ።

---

የመካነ ኢየሱስ ጎረቤት · ዓርብ

ሰላም ይሁንላችሁ። እኔ ኦርቶዶክስ አይደለሁም፤ ከመካነ ኢየሱስ ነኝ። ይህንን ክር እያነበብሁ ዝም ማለት አልቻልሁም።

እኛም በዚያው ግቢ እናገለግላለን። ችግራችን ሁላችንም ቅዳሜ መምጣታችን ነው። እናንተ ጎላ ይዛችሁ፣ እኛ ዳቦ ይዘን፣ ሌላውም ቡድን ሙዝ ይዞ። ቅዳሜ የተረፈ ዳቦ ይደርቃል። ሰኞና ማክሰኞ ማንም የለም። ቀሲስ ያሉትን ማክሰኞ እኛ ልንይዘው እንችላለን። ረቡዕን ካቶሊኮቹን እናነጋግራለን። አንድ ስብሰባ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሁለት ነገር ግን በግልጽ እንስማማ። በሰሐን አጠገብ ስብከት አይኑር፤ በራሪ ወረቀትም አይታደል። ይህንን ለኛም ሰዎች ነው የምለው። ልጁ ኦክስጅን ላይ ያለ ሰው «የት ነው የምታመልከው» ሲባል ምግቡን ላለማጣት የማያምነውን ይናገራል። ሁለተኛ፣ ሲዳምኛና ኦሮምኛ የሚችል ሰው በየቀኑ ይኑር። ከገጠር የመጣ አዛውንት በአማርኛ «ምን ያስፈልግዎታል» ሲባል አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። በቋንቋው ስትጠይቀው ቁጭ ብሎ ይነግርሃል።

---

የአላሙራ ልጅ · ዓርብ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስለ ስብከቱ መቶ በመቶ እስማማለሁ። ማክሰኞን ያዙልን። ሲዳምኛ የሚችሉ ሁለት ልጆች አሉን፤ ለእናንተም ቀን ይመጣሉ።

---

ሒሳብ ሹሟ · ቅዳሜ ጠዋት

እኔ ስለ ብሩ ልናገር፤ ይህ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ይፈርሳል።

ከውጭ የሚላክ ብር በማንም የግል ስልክ በቴሌብር አይግባ። ሰውየው ቅዱስ ቢሆን እንኳ አይግባ። በሰበካ ጉባኤው እውቅና፣ በሁለት ሰው ፊርማ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ይከፈት። ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲው፣ በቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ፣ የተቋቋመው ለዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ይቆረጥ። በየወሩ የገባውና የወጣው በአንድ ገጽ ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለሰጪዎቹም ፎቶ ተነስቶ ይላክላቸው። ፎቶ መነሳት ያለበት ያ ወረቀት ነው፤ የተራበ ሰው ፊት አይደለም። እባካችሁ ሰሐን ያቀፈች እናት ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ጎረቤቷ ያያታል።

በውጭ ምንዛሪ ገበያው ከሐምሌ 2016 ለውጥ በኋላ አንድ ዶላር ብዙ ብር ያመጣል። ዘይቱና ሽንኩርቱም አብሮ ወጥቷል። ስለዚህ «ይህን ያህል ዶላር» ብላችሁ አትጠይቁ። «የአንድ ቀን ምሳ ለዚህ ያህል ሰው» ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋው ሲለወጥ በዚያው ወር ንገሯቸው።

ሥራው አድጎ ራሱን የቻለ የበጎ አድራጎት ድርጅት እንሁን ካላችሁ ግን አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን አንብቡ። ቤተ እምነት ራሱ በዚያ አዋጅ አይመዘገብም፤ የሚያቋቁመው የተራድኦ ድርጅት ግን ይመዘገባል። ከዚያ በፊት ሀገረ ስብከቱን ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያናችን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን አላት። ባለ ልምድ እያለ ከዜሮ መጀመር የለብንም።

---

ዳቶ ሰፈር · ቅዳሜ

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ወጣቶች አደጋ ሲሰማ ተነስተን መሄድ እንወዳለን። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ መሬት ሲናድ የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ ጎረቤት ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ሰዎች ናቸው። ለነፍሳቸው ሳይሳሱ የሮጡ ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ለዚህ ነው ከመሄዳችን በፊት የመጀመሪያ እርዳታና የአደጋ ቦታ ሥልጠና እንውሰድ የምለው። ቀይ መስቀል ይሰጣል። ከአሜሪካ ከሚመጡት ውስጥ እሳት አደጋ ወይም አምቡላንስ ላይ የሚሠራ ካለ ያንን ሁለት ሳምንት እኛን ያሠልጥን።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ · ቅዳሜ ማታ

አለ። አምቡላንስ ላይ የሚሠራ አንድ ልጅ አለን። አረጋውያን የምትጦረዋ ደግሞ ባለቤቴ ናት። አንብባው «ማገላበጥ ማስተማር ብቻ ከሆነ ዛሬም እሄዳለሁ» ብላለች።

ከማኅበሩ ጋር ተነጋገርን። ልብሱን ትተነዋል። በሻንጣ ከምናመጣው ይልቅ እዚያው ገበያ ቢገዛ ለነጋዴውም ይጠቅማል። ለመምጣት ካሰቡት ቤተሰቦች አሁን የሚመጡት ሁለት ብቻ ይሆናሉ። የቀሩት ለቲኬት ያሰቡትን ለዓመት ከፋፍለው በየወሩ ይልካሉ። ልጄም ትመጣለች። ምን ትሥራ?

---

የአላሙራ ልጅ · እሑድ ከቅዳሴ በኋላ

ዛሬ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከዚህ ክር ያገኘነውን ሁሉ አንብቤላቸው ነበር።

የምንልከው ደብዳቤ እንዲህ ይላል። በየወሩ የሚላከው ብር በመጀመሪያ ለአንዲት ወጥ ሠሪ ደመወዝ ይሆናል። እስካሁን የሚያበስሉት ተማሪዎች ናቸው፤ ፈተና ሲደርስ ምሳው ይቀራል። ቀጥሎ ለባጃጅ ነው፤ ጎላውን በየጊዜው ለምነን ነው የምናጓጉዘው። ቅዳሜ የኛ ሆኖ ይቀጥላል፣ ሐሙስንም እንይዛለን። ማክሰኞን ጋሼ ይዘውታል። የተሰደዱ ልጆች ላሏቸው እናቶች ከሰንበቴው እናቶች ጋር የሚዞር አዲስ ክፍል ተቋቁሟል። ዳቶ ሰፈር ያለችውን እናት ቀሲስ ራሳቸው ሊያይዋት ነው። ከቤሩት ለጻፍሽልን እህታችን፣ የእናትሽ ቤት ዛሬ ቡና ተፈልቷል። መድኃኒቷን አይተናል፤ የግፊቱ ክኒን ሊያልቅ ስለሆነ ነገ እንገዛለን። በግል ጽፌልሻለሁ።

ለልጅህ፣ ወንድሜ፦ ሰሐን ታጥባለች። ከታጠበ በኋላ ከእናቶቹ ጋር ቁጭ ብላ ትበላለች። ከዚያ በላይ ምንም አንጠይቃትም።

---

ነርሷ · እሑድ ማታ

የጨቅላ ክፍሉን ኃላፊ አነጋግሬያለሁ። አጥሚቱ ቅዳሜ 6 ሰዓት በር ላይ ይድረስ። ስኳሩን ለብቻ አምጡት፤ ስኳር በሽታ ያለባት አንዲት እናት አለች። ኩባያ ከእኛ ጋ የለም።

---

የሰንበቴ እናት · እሑድ ማታ

ኩባያ እኔ አለኝ።